ዑድ የገባበት ቤት

ዑድ ሰው መስሎኝ ነበር። ሰው እንኳ ባይሆን የሰው ስም ያለው፣ በር ሳያንኳኳ የሚገባ፣ ገብቶም የማይወጣ አንድ ነገር።

ያኔ ሰባት ዓመቴ ነው። ሰቆጣ ውስጥ ከገበያው በላይ ባለው ዳገት የእመት አመተ ሥላሴን ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። አባቴ ደግሰው የደብረ ታቦር ሰው ነው፤ በግብርና ሥራ ተመድቦ መጥቶ እናቴን የሻሽወርቅን አገባና እዚያው ቀረ። ሥራው ገጠር ለገጠር ስለሚያዞረው ቤት የሚውልበት ቀን ጥቂት ነበር። እናቴ ከሰቆጣ ወረድ ብሎ ካለው ከዝቋላ የመጣች ናት። ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከዘመዶቿ ጋር በኽምጣንጋ ታወራለች። እኔ ኽምጣንጋውን የምሰማው ከጎረቤት እንደሚመጣ ሬዲዮ ነበር፤ አንዱ ቃል ይገባኛል፣ ሌላው ያመልጠኛል፣ በመሃል የቀረውን ክፍት ቦታ ከራሴ አምጥቼ እሞላዋለሁ። ያን ዓመት የሞላሁት ሁሉ በፍርሃት ነው።

የእናቴ ታናሽ እህት ደብሬ የመጣችው ክረምቱ እንደ ወጣ ነው። ከማግባቷ በፊት አውቃታለሁ፤ ብብቴን ይዛ ወደ ላይ የምትወረውረኝ፣ ስትስቅ አፏን በነጠላዋ የምትሸፍን ረጅም ልጅ ነበረች። አሁን በሩ ላይ ቆማ አልገባም አለች። ፊቷ ከስቶ፣ ቀኝ እግሯ ከኋላዋ እየተጎተተ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ደጋግማ አስራለች። ሮጬ ልጠመጠምባት ስል እጇን ዘርግታ ከሩቅ አስቆመችኝ።

«አትጠጊኝ፣ እየሩስዬ» አለች።

እናቴ ጓዳ ገባችና አባቴ ያመጣውን የማዳበሪያ ላስቲክ መሬት ላይ አነጠፈች፤ ከላዩ ቁርበት፣ ከቁርበቱ ላይ አሮጌ ጋቢ ደረበች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጓዳው የደብሬ ሆነ፤ እኔ እንዳልገባ ተከለከልኩ። በመጋረጃው በኩል ላስቲኩ ሲንኮሻኮሽ እሰማለሁ። ጎህ ሲቀድ ከሁላችንም ቀድማ ተነስታ ጋቢውን ተሸክማ ወደ ወንዝ ስትወርድ የእግሯ ድምፅ ይሰማኛል፦ አንዱ ይረግጣል፣ አንዱ መሬቱን ይፍቃል። እግሯን የያዘው አንድ ነገር እንዳለ ገመትኩ። ከኋላ ይዞ የሚጎትታት።

ማን እንደ ሆነ የነገረችኝ፣ ሳታውቅ፣ እትዬ ማዕረግ ናት።

እትዬ ማዕረግ ጎረቤታችን ናት። የኮረም ልጅ ናት፤ ጂዳ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ተመልሳ ገበያው ዳር በቆርቆሮ ሱቅ ልብስ፣ ሂናና ሽቶ ትሸጣለች። ድምፅዋ ወፍራም፣ አንድ ጥርሷ ወርቅ፣ ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሴት ናት። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ፣ ደብሬና እሷ ጓዳ ውስጥ ነበሩ። መጋረጃው ሥር ቁጭ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ስፈታ የእትዬ ማዕረግን ድምፅ ሰማሁ።

«ስሙ ዑድ ነው። ከዓረብ አገር አብሮኝ የመጣ ነው» አለች። «መጀመሪያ ሲገባ ይቆጣል፤ አትደንግጪ። ትንሽ ከታገሥሽው ይለዝባል። ወደ ከሰዓት ይጣፍጣል። ማታ ከገላሽ ጋር ያድራል። አንዴ ከያዘ ብትታጠቢም አይለቅሽም።»

ደብሬ ቀስ ብላ፣ «ሌላውን ይሸፍንልኛል?» አለች።

«ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል።»

ጣቴ ማሰሪያው ላይ ቀረ። ከዚያ በመጋረጃው ሥር መጣ። በመጀመሪያ የገባው አፍንጫዬ ውስጥ ሳይሆን ጉሮሮዬ ውስጥ ነው። አባቴ ለቆሰለ ከብት የሚቀባው ጥቁር መድኃኒት ይመስላል፤ በዝናብ የራሰ በረት ይመስላል፤ ገና ያልደረቀ ቆዳም አለበት። እውነትም ተቆጥቷል። ወደ ውጭ ሮጬ የአጥሩ ሥር ተቀመጥኩ። ስመለስ ቁጣው በርዶ ነበር፤ በምትኩ ጽጌረዳ የመሰለ፣ ነገር ግን እሳት አጠገብ እንደ ተቀመጠ የሚያቃጥል ጣፋጭ ነገር ቤቱን ሞልቶታል። ወደ ማታ ደግሞ በወይራ እንደ ታጠነ የወተት ቅል ሆነ። አልጋዬ ውስጥ ገብቼ ብርድ ልብሱን ስከናነብ ለስልሶ፣ ሞቆ፣ ማሩ ተቆርጦ እንዳለቀ ቀፎ እየሸተተ ከመጋረጃው ማዶ ተኝቶ ነበር። እትዬ ማዕረግ እንዳለችው አንድ በአንድ አደረገ። እንግዲህ ውሸት አይደለም አልኩ።

ዛሬ የሽቶ ጠርሙስ ነው ብዬ በአንድ ቃል መናገር እችላለሁ። ያኔ ግን ጠርሙሱን ባየው እንኳ የሚያጽናናኝ አልነበረም፤ እንዲያውም የሚኖርበትን ቤት ያየሁ ነው የሚመስለኝ።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ሁሉ ስለ እሱ ሆነ። እናቴ ለእትዬ ማዕረግ በሹክሹክታ ስትነግራት እንዲህ አለች፦ «ቀንና ሌሊት ስትታገል ሰንብታ፣ መጨረሻ ላይ ልጁን ወሰደባት። ሬሳው ነው የወጣው።» ማን እንደ ወሰደባት አልተናገረችም። እኔ ግን አውቄዋለሁ። እናቴ እግዜርን ማለቷ እንደ ነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። «ባሏስ?» አለች እትዬ ማዕረግ። «አብሯት ማደር አልቻለም። እናቱ በበቅሎ ጭና መለሰቻት።» ይህም ገባኝ። ማን ቢሆን ከእሱ ጋር በአንድ ቤት ያድራል።

ደብሬ ውኃ አትጠጣም ነበር። እናቴ ጣሳውን ይዛ ትለምናታለች፤ «ከንፈርሽ ተሰነጣጥቋል፣ አንድ ጊዜ ተጎንጪ» ትላለች። ደብሬ ራሷን ትነቀንቃለች። እኔ እሱ ከልክሏት ነው ብዬ ለእኔም እንዳይከለክለኝ እየፈራሁ ጣሳ ሙሉ ውኃ በአንድ ትንፋሽ እጨልጥ ነበር። ጋቢዋ ሁልጊዜ ሲርስ አይቻለሁ፤ የእሱ ላብ መስሎኝ ነው። ከጓሮ ጤና አዳም ቀንጥሼ ሁለቱንም የአፍንጫዬን ቀዳዳ እወትፋለሁ፤ እናቴ ታወጣዋለች፤ እኔ መልሼ እወትፋለሁ። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ሳለሁ ሹራቤ ላይ የቀፎውን ሽታ አገኘሁትና ክፍሉ መሃል አለቀስኩ። ተከትሎኝ መጥቶ ነበር።

ኅዳር ላይ የማርያም ማኅበር የእናቴ ተራ ደረሰ። እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት እናቴ ግቢ ውስጥ ድንች ስትልጥ፣ ደብሬ ወንዝ ወርዳ ሳለች ጓዳ ገባሁ። ለምን እንደ ገባሁ ዛሬም በደንብ አላውቅም። ያላዩት ነገር ካዩት የበለጠ ያስፈራል መሰለኝ። ቁርበቱ ራስጌ ጠርሙሱ ነበር፤ ከአውራ ጣቴ ብዙም የማይበልጥ፣ ክዳኑ ወርቅማ፣ ውስጡ እንደ በሰለ የጠላ ድፍድፍ ጥቁር ቡኒ። እጄን ሳልዘረጋ በሩ ተንቀጫቀጨ። የእህሉ ጎታ ኋላ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ደብሬ ናት። እርጥብ ጋቢዋን አስቀመጠችና ጠርሙሱን አነሳች። አንገቷ ላይ፣ የእጇ አንጓ ላይ፣ ከዚያ የቀሚሷ ጠርዝ ላይ ዙሪያውን ነካ ነካ አደረገች። በረቱና መድኃኒቱ ወዲያው ጓዳውን ሞላው። ትንፋሼን ያዝኩ። ደብሬ ግድግዳውን ተደግፋ ቀስ ብላ ወደ መሬት ወረደች፤ ዓይኖቿን ጨፍና እንዲህ አለች፦

«ዛሬን ብቻ አታሳፍረኝ። ሰው ፊት አታሳፍረኝ። ዛሬን ብቻ።»

ከፊቷ ማንም አልነበረም። እኔ ግን እሱን እያናገረችው እንደ ሆነ አልተጠራጠርኩም፤ እየለመነችው ነበር፤ እሱም ከአንገቷ ላይ ሆኖ ዝም ብሎ ይሰማታል። ጸሎት መሆኑን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። እኛ ቤት ጸሎት ቆመን፣ ፊታችንን ወደ ምሥራቅ አድርገን የምናደርሰው ነገር ነው።

ማኅበሩ ተሰበሰበ። ደብሬ ከጓዳ አልወጣችም፤ ሽታው ግን ወጣ። ከእንግዶቹ መካከል የቤታችን ባለቤት እመት አመተ ሥላሴ ነበሩ። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲናገሩ ሰው የማያዩ አሮጊት ናቸው። ሴቶቹ ተመርቀው ሲበተኑ እሳቸው ወደ ኋላ ቀሩና አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው እናቴን አናገሯት።

«የሻሽ፣ ይህ ቤት ምን ገብቶበታል?»

«ምንም አልገባበትም፣ እመቴ።»

«ገብቶበታል እንጂ። እኔ እንዳንቺ ልጅ አይደለሁም። ከላይ ያለው የዓረብ ነው፤ ከሥር ያለው ሌላ ነው።» ወደ መጋረጃው ተመለከቱ። «ቤቴ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አላሳድርም። ወይ ይወጣል፣ ወይ እናንተ ትወጣላችሁ።»

«እርስዎ እንዳሉ» አለች እናቴ። ወደ ኋላ አፈግፍጋ መጋረጃውን በጀርባዋ ከለለችው። እናቴን የሚያስፈራ ነገር ካለ እንግዲህ እኔን ማን ያድነኛል ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ እትዬ ማዕረግ መጣች። በዚያ ቀን ማንም አልተንሾካሾከም፤ ደብሬ ሐኪም ቤት አልሄድም ስላለች ሁለቱ እየተቀባበሉ ይማጸኗት ነበር።

«ባሕር ዳር እንዲህ የተቀደደውን የሚሰፉ ሐኪሞች አሉ» ትላለች እትዬ ማዕረግ። «ጂዳ አብራኝ የሠራች ልጅ እህት እንዳንቺው ሆና ነበር። ሰፏትና ዳነች። አሁን ባል አግብታለች።»

«ከተሰፋ በኋላስ?» አለች እናቴ።

«ከተሰፋ በኋላማ አይወጣም። ውስጥ ይቀራል።»

ውስጥ ይቀራል። እሱን ደብሬ ውስጥ ሊሰፉባት ነው። በልብስ ሰፊው መኪና ሥር ስትገባ፣ መርፌው ሲወርድ፣ እሱ ሆዷ ውስጥ ተዘግቶበት ሲጮህ ታየኝ። ቀሚሴን አፌ ውስጥ ከትቼ ነከስኩት።

ደብሬ ግን ስለ መርፌው አልነበረም የምታወራው። «ከሰው መሃል መኪና ላይ አልቀመጥም» አለች። «መንገድ ላይ ያወርዱኛል። ሰው እያየኝ ከሚያወርዱኝ ገደል ብገባ ይሻለኛል፣ እህቴ።»

እናቴ እግሯ ሥር ተቀመጠች። በኽምጣንጋ ረጅም ነገር ነገረቻት። የያዝኩት ቃል «እናታችን» የሚለውን ብቻ ነው። ደብሬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና እሺ አለች።

አባቴ ዝቋላ ወርዶ ነበርና እኔን የሚተዉለት ሰው አልነበረም። ገና ሳይነጋ አራታችንም መናኸሪያ ሄድን። እትዬ ማዕረግ ወልድያ ላይ የምትሸጠው ዕቃ አለኝ ብላ አብራን ወጣች፤ ጭኗ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ የካርቶን ሣጥን ይዛለች። የኋለኛውን ወንበር ያዝን፦ ደብሬ በመስኮቱ በኩል፣ ከእሷ ቀጥሎ እኔ፣ ከዚያ እናቴ፣ በመተላለፊያው በኩል እትዬ ማዕረግ። ደብሬ ከበታቿ ላስቲክና የታጠፈ ጋቢ አድርጋለች። ያን ጠዋት ዑዱን እንደ ወትሮው ነካ ነካ አላደረገችም፤ አፍስሳዋለች። ከእሱ ጋር በአንድ ወንበር ታጭቄ መሄዴ ነው። እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከትቼ፣ ከእሷ ጎን ላለመነካካት ወደ እናቴ ተለጠፍኩ።

ኮረም እስክንደርስ ብርድ ስለ ነበር ደህና ሆነ። ሰዉ በጋቢው ተጀቡኖ ያንቀላፋል። ኮረምን አልፈን ወደ አላማጣ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ስንጀምር ፀሐይዋ በደብሬ በኩል ገባች፤ ቆላው ከታች ሙቀቱን ይልክ ጀመር። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። አንድ ሰው ትንሽ ከፈት ሲያደርግ፣ «ንፋስ ሊመታን ነው» ብለው መልሰው አዘጉት። አውቶብሱ በየመዞሪያው ይወዘውዘናል። በግራችን ያለው ገደል ታች የለውም። ዑዱ ተቆጣ፣ ለዘበ፣ ጣፈጠ፤ እኔ እየቆጠርኩ እከተለዋለሁ። ከዚያ እስከ ዛሬ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። ከጣፋጩ ሥር ሌላ ነገር ብቅ አለ፤ የሚኮመጥጥ፣ ዓይን የሚያቃጥል።

ዛሬ ምን እንደ ሆነ አውቃለሁ። የአክስቴ ሰውነት ውኃ ተከልክሎ ሽንቱ እንደ ኮምጣጤ ጠንክሮ ነበር። እንዳይፈሳት ብላ ውኃ መተዋ ሽታውን ያበረታባት ነበር። ይህን የነገሯት ሐኪሞቹ ናቸው። ከዚያ በፊት የነገራት ሰው የለም።

ከፊታችን ያለች ሴት ዞር አለች። ከዚያ ጎረቤቷ። ነጠላዎች ወደ አፍንጫ ወጡ። ጉምጉምታው ወደ ፊት እየሄደ ረዳቱ ጋ ደረሰ። ስሙን ገበያው የሚሉት፣ አንገቱ ላይ ፎጣ የጠመጠመ ወጣት ነው፤ የወንበሩን ብረት እየያዘ መጣ።

«ምንድን ነው ኋላ ያለው?»

«ከዚህች ልጅ ነው» አለች ሴትዮዋ። «የሽንት ሽታ ነው። የያዘችው ሕፃን እንኳ የለም።»

አውቶብሱ ሙሉ ወደ እኛ ዞረ። ረዳቱ ደብሬን፣ ወንበሩን፣ ከወንበሩ በታች ያለውን ወለል ተመለከተ። ሲናገር ድምፁ አልጨከነም፤ ያ ነው የባሰው።

«እህቴ፣ ሕዝቡ አልቻለም። እዚህ ላይ ብትወርጂ ይሻላል። ሌላ መኪና ይመጣል።»

ውጭው ገደልና ድንጋይ ነው። እናቴ «ታማ ነው፣ ሐኪም ቤት እየወሰድናት ነው» ማለት ጀመረች፤ የሰማት ግን የለም። የደብሬ እጅ የእኔን አንጓ ያዘ። እንዲያ አድርጎ የያዘኝ ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። እየወሰደኝ ነው አልኩ፤ እሷን ይዞ ሲወርድ እኔንም ሊወስደኝ ነው። ደብሬ ከወንበሩ መነሳት ጀመረች። አልተሟገተችም። የቀሚሷ ጀርባ ከላስቲኩ ሲላቀቅ ሰማሁት። ቀጥ ብላ ብትቆም ሁሉም ሰው ያያል።

ያኔ እትዬ ማዕረግ በእናቴና በእኔ ላይ ተሻግራ ደብሬን ትከሻዋን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት።

«ተቀመጪ አንቺ» አለቻት። ከዚያ የካርቶን ሣጥኗ ውስጥ እጇን ከትታ አንድ ጠርሙስ አወጣች። ከደብሬ ጠርሙስ ሦስት እጥፍ የሚሆን ትልቅ ነበር። በወንበሩ ብረት ላይ መታችው። አንዴ፤ አልተሰበረም። ሁለተኛ ስትመታው ተሰበረ፤ ቡኒው ነገር በጭኗ፣ በእኛ እግር፣ በወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«ዕቃዬ ነው» አለች፣ ያን ወፍራም ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ይቅርታ አድርጉልኝ። ከሰቆጣ ጀምሮ ሲፈስ ነበር ለካ። ልጅቷን ለምን ትሰድቧታላችሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

እሱ ወጣ። ያየሁት ይህንኑ ነው። ሲፈራረቅ በየተራ የሚመጣው ሁሉ፣ በረቱ፣ ቆዳው፣ የቁስል መድኃኒቱ፣ ከዚህ በፊት ከነበረው መቶ እጥፍ ሆኖ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ሰዎች አሳላቸው፣ ዓይናቸው አነባ። የእትዬ ማዕረግ መዳፍ ላይ ደም ሲወርድ አየሁ፤ ነክሷታል አልኩ። ራሴን እናቴ ጉያ ውስጥ ቀበርኩና ሁላችንም አሁን እንሞታለን ብዬ ጠበቅሁ።

ከመሃል ወንበር አንድ ሽማግሌ ተነሱ። ነጭ ጥምጥም አድርገዋል። «ልጄ፣ ሽቶ ነው ያልሽው?» አሉ። «እንደ በረት የሚሸት ምን ዓይነት ሽቶ ነው?»

«ዑድ ነው፣ አባቴ። ዓረቦች የሚቀቡት ነው። መጀመሪያው እንዲህ ነው፤ ሽንትም ይመስላል፣ በረትም ይመስላል። ትንሽ ይታገሡኝ። አላማጣ ሳንደርስ ይለዝባል። ካልለዘበ እኔን ያውርዱኝ፤ ልጅቷን ተዉአት።»

«አንቺስ ታፍነን ሳለን ለምን ታገሡኝ ትያለሽ» አለች ከፊት ያለችው ሴት። ሌላው ደግሞ ስድብ ጨመረ፤ ለዓረብ ያደረች፣ ሰው የማታከብር አላት። እትዬ ማዕረግ ሁሉንም ሰማች። መዳፏን በነጠላዋ ጠቅልላ «እውነታችሁን ነው፣ ይቅርታ» ትላለች ብቻ። ረዳቱ ለረጅም ጊዜ አያት። ከእሷ ወደ ደብሬ፣ ከደብሬ ወደ ወለሉ ተመለከተ። ያወቀ ይመስለኛል፤ ወይም ዛሬ ላይ ሆኜ ያኔ አውቆ እንዲሆን ስለምፈልግ ነው።

«መስኮት ክፈቱ» አለ ወደ ሰዉ ዞሮ። «አላማጣ ድረስ እናያለን።»

መስኮቶቹ ተከፈቱ። አውቶብሱ መውረዱን ቀጠለ፤ ሰዉም ፊቱን አጥቁሮ መጠበቅ ጀመረ። እኔም ከእናቴ ጉያ ሳልወጣ ጠበቅሁ። ሁለት መዞሪያ፣ ሦስት መዞሪያ። በረቱ ከላይ እየሳሳ ሄደ። አራተኛው ላይ ጽጌረዳው መጣ፤ መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ እየቀረበ፣ እሳቱን ይዞ። ሜዳው ሲታይ ወይራው ተከተለው። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ነጠላዋን ከአፍንጫዋ አወረደች። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ ሳቡ።

«እውነትም» አሉ። «እውነትም ይለዝባል።»

አላማጣ ላይ ረዳቱ ማንንም ውረድ አላለም። ደብሬ አንጓዬን የለቀቀችው ያኔ ነው። የጥፍሯ ምልክት እስከ ባሕር ዳር አብሮኝ ሄደ።

ሐኪም ቤቱን የማስታውሰው በቁራጭ በቁራጭ ነው። በትልቅ ግቢ ውስጥ አበባ፣ በገመድ ላይ የተሰጣ ነጭ አንሶላ፣ ከጥላው ሥር ደግሞ ሴቶች። ብዙ ሴቶች፣ አብዛኞቹ ከደብሬ የማይበልጡ፤ አንዳንዶቹ እግራቸውን እንደ እሷው የሚጎትቱ። እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዑድ እንዳላቸው አስቤ ከበሩ ወደ ውስጥ አልገባም ብዬ አለቀስኩ። እናቴ አዝላ አስገባችኝ። ደብሬ ግን ከእነዚያ ሴቶች መካከል ስትደርስ፣ ዝቋላን ለቅቃ ከወጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳትጠየቅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከጎኗ ያለችው ልጅ ጠጋ አለችላት።

ሰፏት። ልጁ በምጡ ርዝመት ሆዷ ውስጥ ቆይቶ ሲሞት የሽንት ፊኛዋ ላይ ቀዳዳ ጥሎ ነበር፤ እግሯንም የጎዳው እሱ ነው፤ ሐኪም በጊዜው ቢገኝ ኖሮ የማይሆን ነገር ነበር። እናቴ ወደ ሰቆጣ ስትመልሰኝ አክስቴን ትተናት ሄድን፤ እኔ እስከ መጨረሻው ዑዱን ውስጧ ዘግተውባት ትተናት የመጣን መስሎኝ ነበር። መፍሰሱ ቀርቶላት፣ ወፍራ፣ በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ስትመለስ ለብዙ ወራት አልጠጋትም ነበር። እመት አመተ ሥላሴም ውጡ ማለታቸውን ተዉ። እኛም ዓመቱን ጨርሰን ሌላ ቤት ተከራየን።

ይህን ሁሉ ለደብሬ የነገርኳት ባለፈው ዓመት ነው። የመጀመሪያ ልጄን ደሴ በቀዶ ሕክምና ተገላግዬ አልጋ ላይ ሳለሁ ልታርሰኝ ከሰቆጣ መጣች። ዕድሜዋ አርባ ሊሞላ ነው፤ ሁለት ልጆች አሏት። አንድ ከሰዓት በኋላ ሾርባ ስታጠጣኝ ጎታው ኋላ ሆኜ ያየሁትን፣ ጤና አዳሙን፣ አውቶብሱን፣ ሰው የመሰለኝን ዑድ ሁሉ ነገርኳት። ስትስቅ እንደ ድሮዋ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሳቋ ቆየ። ከዚያ ነጠላውን አወረደችና የሾርባውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አንቺ ሰባት ዓመትሽ ነበር» አለች። «እኔ አሥራ ሰባት ነበርኩ። ምን የተለየ የማውቅ መሰለሽ?»

«እንዴት?»

«ክፉ መንፈስ ነው አሉኝ። አማቴም፣ ባሌም፣ ጠበል ያጠመቁኝም። የሚፈሰው እሱ ነው፣ ልጅሽን የወሰደው እሱ ነው አሉኝ። አመንኳቸው። ሌላ የነገረኝ ማን አለ? ሌሊት ላስቲኩ ላይ ተኝቼ አሁን ደግሞ ቀጥሎ ምኔን ይወስዳል እያልኩ ስጠብቅ ነው የማድረው።» አንጓዬን ተመለከተች። «አውቶብሱ ላይ እጅሽን የያዝኩት እንዳትፈሪ ብዬ አልነበረም። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል የምይዘው ሌላ እጅ ስላልነበረኝ ነው።»

እጄን ዘርግቼ እጇን ያዝኩ። ሕፃኑ ከአልጋው ውስጥ ተንቀሳቀሰና ማልቀስ ጀመረ። ደብሬ በሌላው እጇ ልታባብለው ሞከረች፤ እንቢ አለ፤ ያኔ ለቀቀችኝና ተነስታ አቀፈችው።